ደህና እና ይሁና

ገመድ ያዡ በግራ ጆሮው አይሰማም። ጆሮው የሞተው ሹም ስለቸኮለ ነው። ወጣት ጠላቂ ሳለ፣ ጀልባው ላይ የተሰበሰቡት እንግዶች ምሳ እንዳያልፍባቸው «ቶሎ ውጣ» ተባለ፤ ቶሎም ወጣ። ባሕር እንደሆነ ቶሎ የሚገባውን እንጂ ቶሎ የሚወጣውን አይወድም። ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ጧ ብሎ ፈነዳ፣ ደም በአንገቱ ቁልቁል ወረደ፣ እንግዶቹም ምሳቸውን በሰዓቱ በሉ። ከዚያ ወዲህ ጠልቆ አያውቅም። የባሕር ጥናት ማዕከሉ ግን ደግ ነውና አላባረረውም፤ ጆሮውን ወስዶ ገመድ ሰጠው።

«ገመድ መያዝ ደግሞ ሥራ ነው?» የሚል አይጠፋም። ሥራ ነው። ጠላቂ ብርሃን ሊያልቅ ጥቂት ወደቀረው ጥልቀት ሲወርድ ከጀልባው ጋር የሚያገናኘው ሌላ ነገር የለም። የድምፅ መገናኛ መሣሪያ እንዲገዛ ከተወሰነ ቆይቷል፤ ጉዳዩ ኮሚቴ ዘንድ ነው። ኮሚቴ ሆድ የገባ ጉዳይና ጅብ ሆድ የገባ አህያ ደግሞ በገቡበት መልክ አይወጡም። ስለዚህ ገመድ። አንድ ጊዜ ሳብ ማድረግ «ደህና ነሽ?» ማለት ነው፤ መልሱም አንድ ሳብ ነው፤ «ደህና»። ሁለቴ ከሆነ «ገመድ ልቀቅልኝ»። ሦስቴ «ውጪ» ነው፤ ከታች ሦስቴ ሲመለስ «እሺ፣ እየወጣሁ ነው»። አራቴ ደግሞ «ራሴን አልቻልኩም፣ ጎትተህ አውጣኝ»። አራቴ ሲሳብ ያየ ገመድ ያዥ እዚያ ማዕከል እስካሁን የለም፤ አራቴ መሳብ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ አንዴ ለመሳብም አይደርስም።

ይህን የገመድ ቋንቋ ያወጣው ሰው በምን ቋንቋ ሰላም እንደሚባባል እንጃ፤ በእኛ እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው። በእኛ አፍ «ደህና» መልስ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው። ቤቱ እየተቃጠለበት ያለን ሰው «ደህና ነህ?» በሉት፤ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን፤ ይኸው ቤቴ እየተቃጠለ ነው» ይላችኋል። መጀመሪያ ደህንነቱን ያስመዘግባል፣ ከዚያ ይሞታል።

ከገመዱ ወዲያኛው ጫፍ ያለችው ጠላቂ ታናሽ እህቱ ናት። አባታቸው ቀደም ብሎ ስለሞተ ጠልቆ ባገኘው ያስተማራት እሱ ነው፤ እሷም ተምራ ተምራ መልሳ ጠለቀች። «የሰው ልጅ ከጉድጓድ ለመውጣት ይማራል፤ የኔዋ ተምራ ገባችበት» ትላለች እናታቸው፣ ለሰማም ላልሰማም ጎረቤት።

ቱሪስት በመነጽር የሚያየው ላይኛው ኮራል፣ ያ ድንጋይ መስሎ የሚያድገው የባሕር እንስሳ፣ ውኃው እየሞቀበት ነጥቶ አልቋል፤ አሁን የአጥንት ክምር ነው። እህቲቱ የምትወርደው ከዚያ በታች፣ እኩለ ቀን እንኳ ሊመሽ ሲል ወደሚመስልበት ቀጠና ነው። ቀይ ብርሃን እዚያ ድረስ ስለማይወርድ ቀይ ዓሣ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ኮራሎቹም እንደ ላይኞቹ ቅርንጫፍ ዘርግተው አይንቀባረሩም፤ የተረፈችውን ብርሃን ለመልቀም እንደ ትሪ ተዘርግተው ይተኛሉ። በትሪዎቹ መካከል ሰው የሚያክል ስፖንጅ የሚባል ፍጡር ይቆማል፣ ስም ያልወጣላቸው ዓሦች ይሹለከለካሉ። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ነዋሪው ይለወጣል።

«ጋሼ፣ ታች ያለው ሌላ ሰፈር ነው» ትለዋለች። «ከላይ የተፈናቀለ ሁሉ እዚያ ወርዶ ቤት አይከራይም። ብዙዎቹ ዘመድ እንኳ አይደሉም።»

«ታዲያ ዶክተሩ መጠለያ ነው የሚለው?»

«እውነቱን ነው። እሱ እዚያች ቃል ሥር ተጠልሎ ጡረታው ድረስ ይደርሳል።»

ዶክተሩ የማዕከሉ ዳይሬክተር ነው። ስም አለው፤ ግን ከኋላው ሁሉም «ይሁና» ነው የሚለው። ሰውየው «አዎ» ብሎ አያውቅም፣ «አይሆንም» ብሎም አያውቅም። «ዶክተር፣ ጣሪያው ያፈሳል።» «ይሁና።» ይጠገን ማለቱ ይሁን፣ ማፍሰሱን ይቀጥል ማለቱ ይሁን የሚያውቀው ጣሪያው ብቻ ነው። በዚህች አንዲት ቃል ላይ ቆሞ ከምክትልነት ወደ ተጠባባቂነት፣ ከተጠባባቂነት ወደ ዋናነት ወጥቷል። ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ ነው ይባላል፤ ይህ አናት ግን አይሸትም፣ ሽቶ ይቀባል። ከእህቲቱ ጥናት ውስጥም አንዲት ቃል መርጦ ወሰደ። እሷ የጻፈችው «ቦታው ለላይኛው ኮራል መጠለያ መሆኑ ያጠራጥራል» የሚል ነበር፤ እሱ መጠለያውን ወሰደና ጥርጣሬውን ተወላት። አሁን በዚያች ቃል «መጠለያው» ሊመረቅ፣ ሪባን ሊቆረጥ ነው። ድንኳን ተተክሏል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ «መጠለያችንን እንጠብቅ» የሚል ጨርቅ በሁለት ምሰሶ መካከል ሆዱን ነፍቶ ይርገበገባል።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ትልልቅ መርከብ እንዲገባ ወደቡ ይቆፈር ነበር። ጭቃው ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ተጭኖ ክፍት ባሕር ላይ ይደፋል። የተፈቀደው ሩቅ ሄዶ እንዲደፋ ነው፤ ሩቅ ግን ነዳጅ ይፈጃል፣ ስለዚህ ሩቁ በየቀኑ እየቀረበ ይመጣ ነበር።

እህቲቱ ከመጥለቋ በፊት በነበረው ቀን፣ ወንድምና እህት ይሁና ቢሮ ተቀመጡ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ይሁና ራሱ ዓሣ ይዞ የተነሳው ፎቶ አለ፤ ዓሣው ደንግጧል።

«ዶክተር» አለች እህቲቱ፣ «እኔ ታች እያለሁ የጭቃው ጀልባ መውጣት የለበትም። ለወደቡ ሰዎች ይንገሩልኝ።»

«ይሁና።»

«ሌላው፣ የምወርደው ከጓደኛዬ ጋር ነበር። እሱን ደግሞ ለምረቃው ልምምድ ወስደውብኛል።»

እውነት ነው። ባልደረባዋ የጠላቂ ልብሱን ለብሶ ከሪባኑ አጠገብ እንዲቆም ተፈልጓል፤ ቁመቱ ለፎቶ ይመቻል።

«ታዲያ ብቻዬን ልውረድ ነው?»

«ይሁና፣ ይሁና። ፊልሙ ለነገ ወዲያ ይድረስ ብቻ።»

ገመድ ያዡ በእግሩ እግሯን ነካ አደረገ፤ እንቢ በይ ማለቱ ነው። እግሯን ሰበሰበች። ኮሪደሩ ላይ ወጥተው፣ «ምን ነካሽ? ብቻሽን?» አላት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ያለውን ካልቀረጽኩ፣ ነገ ጭቃ ሲደፉበት ‹ድሮም ባዶ ነበር› ይላሉ። ያልታየ ነገር እንዴት ሞተ ተብሎ ይከሰሳል?»

ቀድማው ሄደች። እሱ የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ እንዳለ የይሁና ድምፅ በተገርበበው በር መጣ፤ ስልክ ላይ ነው። «ነገ ጠዋት? … እህ … መርሐ ግብሩ ይጓተታል? … ይሁና፣ ይሁና።»

ገመድ ያዡ አንገቱን አስገባ። «ዶክተር፣ የነገው ነገር እንዴት ነው፣ ተስማሙ?»

«ደህና ነው፣ ደህና ነው። አንተ ገመድህን ያዝ።»

ቀኝ ጆሮው በደንብ ሰምቷል። እሱ ግን ነገሩን ወስዶ ለግራው ሰጠው። ከሹም ጋር ብዙ የኖረ ሰው ይህን ይችልበታል፤ መስማትን በፈቃድ ማድረግ።

ቤታቸው ከወደቡ በስተጀርባ ያለች፣ ወጥ ቤቷ ከመኝታ ቤቷ የምትሰፋ ቤት ናት። እናቲቱ ሰው በር ሲከፍት ጫማ እስኪያወልቅ አትጠብቅም፤ ከወጥ ቤት ሆና «ደህና ዋላችሁ?» ትጮኻለች። «ደህና» የሚለው መልስ ካልመጣ ድስቷን አትከፍትም። በዚያን ምሽትም ጠየቀች፣ ሁለቱም «ደህና» አሏት፣ ድስቱ ተከፈተ። ገመድ ያዡ ከራት በፊት እንደ ልማዱ ወለል ላይ ተቀምጦ ገመዱን በጣቶቹ መካከል እያሳለፈ ይዳብስ ጀመር፤ የላላ ክር፣ የተበላ ቦታ ይፈልጋል።

«ነገ ትወርጃለሽ?» አለች እናት።

«እወርዳለሁ እማዬ።»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«እኔ አልጎረጉርም እኮ፤ እቆጥራለሁ።»

«ዘንዶውንም ቁጠሪው እንግዲህ።» ወደ ልጇ ዞረች። «አንተስ፣ ገመዱን አየኸው?»

«እያየሁት ነው።»

«ፊትህ ግን ገመድ የሚያይ ሰው ፊት አይደለም። ምን ሆነሃል?»

«ደህና ነኝ» አላት።

በማግሥቱ ባሕሩ ዝርግ ብሎ ጠበቃቸው። ጀልባዋን የሚነዳው ጋሽ መልሕቅ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ሲነዳ ሳይሆን ቆሞ ሲያወራ ስለሚታይ የወጣለት ስም ነው።

«ዛሬ ባሕሩ ዝም ብሏል» አለ።

«ታዲያ ዝምታ ምን አለው?» አለ ገመድ ያዡ።

«ሚስቴንም የምፈራት ዝም ስትል ነው።»

እህቲቱ ስቃ የአየር ጠርሙሶቿን ታጠቀች። ወንድሟ ቋጠሮውን ፈትሾ፣ ደግሞ ፈትሾ፣ እንደገና ሊፈትሽ ሲል እጁን መታችው። «ጋሼ፣ ታች ሆኜ ቶሎ ቶሎ አትጠይቀኝ። እጄ ካሜራ ላይ ነው።»

«አንቺ ቶሎ ቶሎ መልሺ እንጂ እኔ አላስቸግርሽም።»

ወረደች። ገመዱ በመዳፉ ላይ እየተንሸራተተ ሄደ፤ ላይኛውን የአጥንት ክምር አለፈ፣ ቁልቁለቱን ያዘ፣ ቆመ። ታች ደርሳለች። አንዴ ሳብ አደረገ። አንዴ ተመለሰለት። ጣፋጭ ነገር ናት ያቺ መልስ፤ ከዘመድ ስልክ ትበልጣለች።

ከዚያ ጋሽ መልሕቅ ወሬውን በመሃል አቋረጠ። «ይኼ ደግሞ ወዴት ነው?»

ጠፍጣፋው ጀልባ ከወደቡ አፍ ወጥቶ፣ እስከ አንገቱ ተጭኖ፣ እንደ እርጉዝ ላም እየተጎተተ ይመጣል። ወደ ሩቅ አልታጠፈም። በቁልቁለቱ አናት፣ ከእነሱ ማዶ ብዙም ሳይርቅ ቆመ። ጋሽ መልሕቅ ሬዲዮውን አንስቶ ወደ ማዕከሉ ጮኸ። ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የመጣው የድንኳኑ ሙዚቃ ነው፤ ልምምዱ ደርቷል። ቀጥሎ የይሁና ድምፅ።

«ሰው ታች አለ!» አለ ጋሽ መልሕቅ። «አስቁሟቸው!»

«ይሁና … እነግራቸዋለሁ።»

ጀልባው ሆዱን ከፈተ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ውኃው መጀመሪያ ፈዘዘ፣ ከዚያ ጠይም ሆነ፣ ከዚያ እንደ ጎርፍ ደፈረሰ፤ ድፍርሱም ላይ ላይ አልሄደም፣ ከባድ ነውና ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ታች ሰመጠ፤ ወደ ገመዱ ጫፍ።

ገመድ ያዡ አንዴ ሳበ። አንዴ ተመለሰ፤ ወዲያው። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። አሁንም አንዴ፣ አሁንም ወዲያው።

«ምን ትላለች?» አለ ሽማግሌው።

«ደህና ነኝ ትላለች።»

«ታዲያ ደህና ናታ! ምን ያስፈራሃል?»

«ጋሽ መልሕቅ፣ ሚስትህ ተቆጥታ ሳለ ደህና ነሽ ወይ ስትላት ምን ትልሃለች?»

«ደህና» አለ ሽማግሌው፤ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ፊቱ ጠቆረ።

ገመድ ያዡ ጥያቄውን ቀየረ። ሦስቴ ሳበ፤ «ውጪ»። መልሱ ሦስት መሆን አለበት።

አንድ መጣ።

ሦስቴ ደገመ፣ ረገጥ አድርጎ፣ እየለየ። ከታች አንድ መጣ፤ ፈጥኖ፣ በትሕትና፣ በር ላይ ሰላም እንዳሉት ሰው። ያኔ ገባው። እህቱ እየቆጠረች አይደለም፤ ጥልቀቱ እንደ ጠጅ አናቷ ላይ ወጥቷል። ከዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ሰው ሰላም እያላት ነው፣ እሷም እየመለሰች ነው።

«ጎትታት!» አለ ጋሽ መልሕቅ።

«ቶሎ ከጎተትኳት እገድላታለሁ።» ይህን ከጆሮው በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ጥልቀት በአንድ ትንፋሽ የወጣ ሰው ደሙ እንደ ተናጠ የለስላሳ ጠርሙስ ይገነፍላል፤ በየእርከኑ ቆሞ፣ ደሙን አስክኖ ነው መውጣት ያለበት።

«ካልጎተትካትስ?»

ገመድ ያዡ አንድ ክንድ ያህል ሳበ፣ ቆመ። አንድ ክንድ ደግሞ። ገመዱ ላይ ክብደት አለ፤ ሕይወት ይኑረው አይኑረው ግን ገመድ አይናገርም። መሃል ላይ ያዘበት፤ ምናልባት ከትሪዎቹ አንዱ ሥር። አልታገለም፤ አላላው፣ ሽማግሌው ጀልባዋን ለክቶ ወደ ጎን ገፋት፣ እንደገና ሳበ፣ ተለቀቀ። ማዶ ጠፍጣፋው ጀልባ ሆዱን አራግፎ እየዞረ ነበር። አንድ ሠራተኛ ከላዩ ሆኖ በደስታ እጁን አውለበለበላቸው። ጋሽ መልሕቅ ለሰውየው፣ ለእጁና ለወለደችው እናት የመለሰው እዚህ አይጻፍም።

የመጀመሪያው እርከን ላይ ሲደርስ ገመድ ያዡ ገመዱን አቆመ። አንዴ ሳበ። ምንም። ጠበቀ። ድጋሚ አልሳበም፤ ድጋሚ ሳብ አድርጎ ምንም ካልመጣ ያን ምንም የት ያደርገዋል? ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ፤ ለቀብር እንደሆነ ሲገባው መልሶ ደፋው።

አንድ መጣ። ዘግይቶ፣ ደክሞ መጣ። ግን የዘገየ መልስ የታሰበ መልስ ነው። ሦስቴ ሳበ። ከታች አንድ … ሁለት … ከዚያ ገመድ ያዡ መተንፈስ እስኪረሳ ቆይቶ … ሦስት።

በየእርከኑ ቆማ፣ ፀሐይ ከአናታቸው እስክትዞር ድረስ፣ ወጣች። መነጽሯ ጠርዝ ላይ ጭቃ ተለጥፏል። ግራ እጇ ገመዱን እንደጨበጠ ቀርቷል፤ ጣቶቹን ወንድሟ አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ሲያላቅቃቸው አልተሰማትም። ሐኪሙ በኋላ «የእጇ ስሜት ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለ፤ እሱም በሙያው ይሁና መሆኑ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ጀልባው ላይ፣ ብርድ ልብስ እያለበሳት። «ሦስት ስልሽ አንድ፣ ሦስት ስልሽ አንድ!»

«ጨለመ፣ ጋሼ። መብራቴን እጄ ላይ ይዤ እጄን አላየሁም። የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ ጠፋኝ። ከዚያ ስትስበኝ …» ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። «እማዬ መሰለችኝ። ከወጥ ቤት ሆና። በሩ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።»

«እና?»

«ደህና አልኳት።»

ጋሽ መልሕቅ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ።

ካሜራው ተርፏል። መጀመሪያ ላይ ትሪዎቹ ይታያሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ ሰማያዊው ብርሃን ውስጥ። አንድ ስም የሌለው ዓሣ ወደ መብራቱ ተጠግቶ ያያል። ከዚያ አቧራ የመሰለ ነገር ከላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ቡናማ፤ እስከ መጨረሻው ቡናማ። ቅርንጫፍ ቢሆኑ ኖሮ ጭቃው በመካከላቸው ባለፈ። ጠፍጣፋ መሆናቸው ነው ያጠፋቸው። ብርሃን ለመለመን የተዘረጋ መዳፍ ሁሉ ጭቃ ተመጸወተ።

ምረቃው ግን በቀኑ ዋለ። የተጋበዘው ተጋብዞ፣ የፕላስቲክ ወንበሩ ሞልቶ፣ ባልደረባዋ በጠላቂ ልብሱ ውስጥ ላብ እያጠመቀው ከሪባኑ አጠገብ ቆመ። በትልቁ ስክሪን ላይ የድሮ ፊልም ይታይ ነበር፤ ዓሣው ሁሉ በሕይወት አለ። እህቲቱ እጇን በአንገቷ አንጠልጥላ ከወንድሟ ጋር መጣች፤ በይሁና በር የሰማውን የስልክ ወሬ ማታውን ነግሯታል። ይሁና አያት፤ ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ፣ የቤተሰብ ሰው መሆኑን ሕዝብ እንዲያይለት፣ «እነሆ ጀግናችን! ደህና ነሽ?» አላት።

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞሮ አያት፤ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ገመድ ያዡ ቀኝ ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ።

«ደህና አይደለሁም» አለች። «ታች ያለውም ደህና አይደለም። መጠለያ ያላችሁት ትናንት ጠዋት ተቀብሯል። ጀልባው ይውጣ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ሙዚቃ የሚያጫውተው ሰው እንኳ እጁን ከመሣሪያው ላይ አነሳ። ይሁና በቀኙ መቀስ፣ በግራው ድምፅ ማጉያ እንደያዘ ለአፍታ ቆመ። ሰው ሁሉ ከአፉ አንድ ነገር ጠበቀ፤ ሰው ተስፋ አይቆርጥም።

«ይሁና» አለና ሪባኑን ቆረጠው።

ተጨበጨበ። ሪባን ሲወድቅ ከማጨብጨብ ሌላ ለሕዝብ ያስተማረው የለም። ከጭብጨባው በስተጀርባ፣ ከወደቡ አፍ፣ የጠፍጣፋው ጀልባ ጡሩምባ ተሰማ፤ ሌላ ጭነት እየወጣ ነው።

ወንድምና እህት ቤት ገቡ። ገመድ ያዡ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ወለሉ ላይ ጣለው፤ አልተቀመጠም፣ አልዳበሰውም። እህቱ በአንድ እጇ ከጫማዋ ክር ጋር ትታገላለች።

«ደህና ዋላችሁ?» አለች እናት ከወጥ ቤት።

ገመድ ያዡ እህቱን አያት። እህቱ ገመዱን አየች።

«ደህና ዋላችሁ ወይ?» አለች እናት ደግማ፤ የድስቱ ክዳን እጇ ላይ ነው።

የሚመልስላት ጠፋ። ያኔ ክዳኑ ከእጇ ወደቀና፣ ወለሉ ላይ እየተሽከረከረ፣ እየተሽከረከረ፣ ዝም እስኪል ድረስ ሦስቱም አዳመጡት።